«ቦሮው ሚ» ልትሉ ስትሉ በአማርኛ አስቡት
እዚህ ደብረ ብርሃን የሰፈር ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስህተት ስላለ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለደረሰባችሁ ሁሉ ልንገራችሁ። «ቦሮው» ማለት ተዋሰ ነው፤ «ሌንድ» ደግሞ አዋሰ። ስለዚህ ብርዱ ሲጠና ጎረቤታችሁን የመንዝ ባና ለመጠየቅ «ቦሮው ሚ» ካላችሁት፣ «አውሰኝ» ሳይሆን «ተዋሰኝ» እያላችሁት ነው። ትክክሉ «ሌንድ ሚ» ነው። ወይም «ካን አይ ቦሮው» በሉ፣ «ልዋስ?» እንደማለት። እኛ ለብር ተበደረ፣ ለዕቃ ተዋሰ እንላለን፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል፣ እዚህ ላይ እንኳን ቀሎልናል።

ከዚህ የሚብሰው የ«ሴይ» እና የ«ቴል» ነገር ነው። በአማርኛ «አለኝ» ብለን «ኝ»ን በቀላሉ ስለምንቀጥል፣ ልጆቹ «ሂ ሴድ ሚ» ብለው ይጽፋሉ፤ ጎበዞቹም ጭምር። «ሴይ» ሰውን በቀጥታ አያስከትልም፣ መሃል ላይ «ቱ» ይፈልጋል፦ «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። «ቴል» ግን ነገረ ስለሆነ ሰውየውን ወዲያው ይቀበላል፦ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ነገረኝ» ማለት በቻላችሁበት ቦታ ሁሉ «ቴል»ን ያዙ።

«ከም» እና «ጎ» ላይ አንድ ነገር ብቻ። እኛ ወጣ ብለን ልንመለስ ስንል «መጣሁ» እንላለን አይደል? በእንግሊዝኛ በር ከፍታችሁ እየወጣችሁ «አይም ከሚንግ» ካላችሁት ፈረንጁ ግራ ይገባዋል። «አይል ቢ ባክ» በሉት። ሰው ጠርቷችሁ ወደ እሱ ስትሄዱ ግን «አይም ከሚንግ» ልክ ነው።