ፎርት ዴቪስን ስታዩ ከውሃው ጀምሩ

የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ አሥር አለቃ ነበር፤ ያደግሁትም ነጌሌ ቦረና፣ በጦር ካምፕ ውስጥ ነው። አሁን የምኖረው ዳላስ ሲሆን በምዕራብ ቴክሳስ የሚገኘውን የድሮ የአሜሪካ ጦር ካምፕ፣ ፎርት ዴቪስን፣ ልጆቼን ይዤ ሦስት ጊዜ ጎብኝቻለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ መድፍና ሰይፍ ስንፈልግ ቀኑ መሸብን። የጦር ካምፕ እንደዚያ አይታይም።

ከዳላስ የሚነሳ ሰው መንገዱ ቀኑን ሙሉ ስለሚወስድበት በአካባቢው አድሮ ጠዋት ቢገባ ይሻላል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ነው፤ ከነጌሌ ጋር ይቀራረባል። አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ባርኔጣና ብዙ ውሃ ያዙ። አጥር ወይም ግንብ አትፈልጉ፤ ይህ ካምፕ ዙሪያውን ቅጥር የለውም።

መጀመሪያ የሊምፒያ ወንዝ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁ። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1854 ከሳን አንቶኒዮ ወደ ኤል ፓሶ የሚወስደውን መንገድ ሊጠብቅ ሲመጣ እዚህ የሰፈረው ውሃ፣ ማገዶና ሣር በማግኘቱ ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ በፊት ውሃ ከሚሸከመው ከእናቴ ጀርባ ነው የተማርኩት። በጥር 1966 ዓ.ም. የነጌሌ ወታደሮች ያመፁት በምግባቸው ክፋትና በውሃ ምክንያት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የእነርሱ የውሃ ሞተር ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም የእነርሱን ምግብና ውሃ አቀመሱት።

ስለዚህ ቀጥሎ ሰልፍ ሜዳው መካከል ቁሙ። በአንድ በኩል፣ ከገደሉ ሥር፣ በረንዳ ያላቸው የመኮንኖች ቤቶች ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው ረጃጅሞቹ የወታደር ማደሪያዎች አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግራችሁ ተሻገሩ፤ የካምፑ ኑሮ በሙሉ በዚያ ርቀት ውስጥ ነው። በታደሰው ማደሪያ ውስጥ አልጋዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ፍራሹ በገለባ ይሞላ ነበር። ልጆቻችሁን በሁለት አልጋዎች መካከል አቁሟቸውና አንድ ሰው ስንት ክንድ ቦታ እንደነበረው ይለኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አዛዡ ቤት ውሰዷቸው። የተራ ወታደር ደመወዝ በወር 13 ዶላር እንደነበረ የምነግራቸው እዚያ፣ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ነው።

ወጥ ቤቱን አትዝለሉ። በጨው የተያዘ የአሳማ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ቡና፣ ዳቦ፤ ዘመቻ ላይ ደግሞ የእኛ ሠራዊት ኮቾሮ እንደሚለው ያለ ድንጋይ የሚያህል ደረቅ ብስኩት። አትክልት ሲጠፋ ድድ ያደማል፣ ጥርስ ያረግፋል፤ ጦሩ የራሱን ጓሮ የሚያለማው ለዚህ ነበር።

በዚህ አልጋ የተኙት እነማን ነበሩ? እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ ካምፑን እንደገና ያቆሙት የ9ኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጥቁር ወታደሮች ናቸው። በኋላ 10ኛው ፈረሰኛ፣ 24ኛውና 25ኛው እግረኛም ተፈራርቀውበታል። ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሪያዎች ነበሩ፤ ማንበብ በሕግ ተከልክሎባቸው ያደጉም ነበሩባቸው። የክፍለ ጦሩ ቄስ ፊደል ያስተምራቸው ነበር። የጸሎት ቤቱ ዛሬ ከመሠረቱ በቀር የቀረ ነገር የለውም፤ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፤ እናንተ ግን እዚያ ቆዩ። በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራቂ መቶ አለቃ ሄንሪ ፍሊፐር በ1881 ፍርድ ፊት የቀረበው በዚህ ካምፕ ነው። ከገንዘብ ማጉደል ክስ ነፃ ሲሉት ለመኮንን የማይገባ ሥነ ምግባር አሳይቷል ብለው ከሠራዊቱ አባረሩት። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ምሕረት ያደረጉለት እ.ኤ.አ. በ1999፣ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይህን ስነግራቸው ድምፄ ይሰበራል፤ ልጆቼም ያውቁታል።

ለሆስፒታሉ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

መጨረሻ ላይ ጠንካራ ጫማ አድርጋችሁ ከጀርባ ያለውን ኮረብታ ውጡ። ሜዳው ከላይ ሲታይ የ10ኛው ፈረሰኛ አዛዥ የኮሎኔል ግሪርሰን የ1880 ዘመቻ ይገባችኋል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የአፓቼዎችን መሪ ቪክቶሪዮን በበረሃ ማሳደድ ፈረስ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ እንደሌለው ስላየ፣ ወታደሮቹን ቀድሞ የውሃ ጉድጓዶቹ ላይ አሰፈራቸው። ቪክቶሪዮ ውሃ ተከልክሎ ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት እዚያ ተገደለ። ውሃው ግን ወታደር ከመምጣቱ በፊት የአፓቼዎች ነበር፤ ይህንም ሳትነግሯቸው አትውረዱ።

የዘመኑን የሰልፍ ጥሩምባ በድምፅ ማጉያ ያሰማሉ። ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ ከደረሰባችሁ ተቀመጡና እስኪያልቅ ስሙት። አባቴ ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር።