ባዶ የሲሊካ ቅንጣቶቼ ለምን ይሰባበሩ ነበር?

ኮምቦልቻ ላብ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያታገለኝ ነገር ስለተፈታ፣ ለሚቸገር ሰው ልጻፈው። ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ናኖ ቅንጣቶች፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ እየሠራሁ ነበር። ደቃቅ የፖሊስታይሪን (የፕላስቲክ ዓይነት) ኳሶችን ኢታኖልና አሞኒያ ውስጥ በትነህ፣ ቲኢኦኤስ (TEOS፣ ወደ ሲሊካ የሚቀየር ፈሳሽ ኬሚካል) ጠብ ጠብ እያደረግክ ሲሊካ ታለብሳቸዋለህ፤ ከዚያ ኳሱን አቃጥለህ ታወጣዋለህ።

ልባሱ ቆንጆ ነበር። ከፈርነስ (ኳሱ ከሚቃጠልበት ምድጃ) ከወጣ በኋላ ግን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ነው የሚመስለው። ሽፋኑ ሳስቶ መስሎኝ ቲኢኦኤሱን ጨመርኩ። ይባስ ብሎ ኳስ የሌላቸው ድፍን ቅንጣቶች ተፈጠሩ!

ጥፋቱ ማሞቂያው ላይ ነበር። በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመርኩ ነበር የማሞቀው። ፖሊስታይሪን ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ፈርሶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ በሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ የሚወጣበት ጊዜ ካላገኘ ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። አሁን በደቂቃ 1 ዲግሪ ብቻ እጨምራለሁ፣ 550 ላይ ለ5 ሰዓት አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ፈርነሱን ሳልከፍት እዚያው ይቀዘቅዛል። 550 ለመድረስ ብቻ ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ማልደህ ጀምር። ዱቄቱም በደንብ ደርቆ ይግባ፤ እኔ 60 ዲግሪ ላይ አሳድረዋለሁ። ሲወጣ ጥቁር ነጥብ ካለው ኳሱ ነዶ አላለቀም ማለት ነው፣ መልሰህ አስገባው። የኔ ትናንት ጥርት ብሎ ነጭ ወጣ፣ ቅርፊቶቹም ሙሉ ናቸው።