ኪሮሽ ለጀማሪ፦ ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ ቀጥ ያለ ጠርዝ

በየቤቱ ሶፋና ጠረጴዛ ላይ የምናየው ዳንቴል በቀጭን የጥጥ ክር ስለሚሠራ፣ ብዙ ጀማሪዎች በዚያው ክር ለመማር ሲሞክሩ ዓይናቸው ደክሞ ይተዉታል። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ሥራ መሆን ያለበት የአንገት ልብስ ነው፤ ለዚህም መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ቀለሙ ፈካ ያለ የሹራብ ክርና ባለ 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይበቃል። ጥቁር ክር ቀዳዳውን ስለሚደብቅ ለጊዜው ይቆይ።

የክሩን ጫፍ ሲጎተት በሚጠብቅ ቋጠሮ ኪሮሹ ላይ ያስሩ። ከዚያ ክሩን በመንጠቆው ይዘው በቋጠሮው ውስጥ ሲያሳልፉት አንድ የሰንሰለት ዓይን ይወጣል፤ በድምሩ 21 ዓይን እስኪሆን ይህንኑ ይድገሙት። መንጠቆውን ከኪሮሹ ወደ ኋላ ሲቆጠር በሁለተኛው ዓይን አስገብተው ክር ይሳቡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ሲኖር እንደገና ክር ይዘው በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያውጡት። በዚህ አኳኋን መስመሩ ሲያልቅ 20 ዓይን ይኖርዎታል፤ አንድ ሰንሰለት ጨምረው ሥራውን ያዙሩና ይቀጥሉ።

ጀማሪን ሁሉ የሚያስቸግረው ጠርዙ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ የየመስመሩን የመጨረሻ ዓይን እዘልል ስለነበር፣ ሥራው እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘን ሆነብኝ። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ 20 መሙላቱን ይቁጠሩ፤ ቢጎድል ሳይሳሱ ይተርትሩት፣ ክሩ አይበላሽም። መንጠቆው አልገባ ካለ ደግሞ ክሩን አጥብቀው ስለያዙ ነውና፣ በግራ እጅዎ ሌባ ጣት ላይ ላላ አድርገው ያሳልፉት። ርዝመቱ ሲበቃዎ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡ፤ ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት አውጥተው ያጥብቁና ትርፉን በወፍራም መርፌ በሥራው ውስጥ ይሸሽጉት።