ራሴ፣ ራሴን እና «ማይሰልፍ»፦ በእንግሊዝኛ የት ይገባል፣ የት ይቀራል?

አትክልት እየከተፋችሁ ቢላው ጣታችሁን ነካው እንበል። በአማርኛ «ቢላ ቆረጠኝ» ነው የምንለው። ጥፋቱ የቢላው ነው። እንግሊዝኛ ግን ቢላውን አይከስም፤ «አይ ከት ማይሰልፍ» ይላል። ቃል በቃል ከወሰድነው «ራሴን ቆረጥኩ» ነው፣ ለኛ ጆሮ ትንሽ ያስደነግጣል። የሚሰማው ሰው ግን ሆን ብላችሁ እንዳደረጋችሁት አይገምትም። እጁ የናንተ ነው፣ ጣቱም የናንተ ነው፣ በቃ ሌላ ትርጉም የለውም።

እኛ ድርጊቱ ወደ ራስ መመለሱን ብዙ ጊዜ ግሱ ውስጥ ነው የምንከተው። አጠበ፣ ታጠበ። ላጨ፣ ተላጨ። ደበቀ፣ ተደበቀ። አንዲት «ተ» ትበቃናለች። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ ወይ ለብቻው የቆመ ቃል ያመጣል፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብሎ ያልፋል። የሚያደናግረን መቼ እንደሚያመጣና መቼ ዝም እንደሚል ነው፣ እና እሱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

1. መጀመሪያ ስምንቱን ቃላት ያዙ

ማይሰልፍ ራሴን፣ ዩርሰልፍ ራስህን ወይም ራስሽን፣ ሂምሰልፍ ራሱን፣ ኸርሰልፍ ራሷን፣ ኢትሰልፍ ለዕቃና ለእንስሳ፣ አወርሰልቭስ ራሳችንን፣ ዩርሰልቭስ ራሳችሁን፣ ዘምሰልቭስ ራሳቸውን። «ሂዝሰልፍ» እና «ዘይርሰልቭስ» የሚሉ አሉ፣ በመደበኛ እንግሊዝኛ ግን ስህተት ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ዩ» የሚለው ቃል አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው አይለይም፣ «ሰልፍ» ሲጨመርበት ግን ይለያል። ለአንድ ሰው ዩርሰልፍ፣ ለብዙ ሰው ዩርሰልቭስ። ሁለተኛው የአክብሮት ነገር ነው። እኛ «ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን አስተዋወቁ» ስንል አንድ ሰው ነው ያከበርነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱ «ዘምሰልቭስ» አትበሉ፤ ፕሮፌሰሩ ወንድ ከሆኑ «ዘ ፕሮፌሰር ኢንትሮዲውስድ ሂምሰልፍ» ነው የሚባለው። አክብሮቱ በሌላ መንገድ ይገለጻል እንጂ በብዙ ቁጥር አይደለም።

2. «ማን አደረገ? በማን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ

የሁለቱም መልስ አንድ ሰው ከሆነ ቃሉ ይገባል። «ሺ ሉክት አት ኸር» ካላችሁ ያየችው ሌላ ሴትን ነው። በመስታወት ራሷን አየች ለማለት «ሺ ሉክት አት ኸርሰልፍ ኢን ዘ ሚረር» በሉ። ወድቆ ተጎዳ፣ «ሂ ፌል ኤንድ ኸርት ሂምሰልፍ»። ለራሴ እያወራሁ ነበር፣ «አይ ዋዝ ቶኪንግ ቱ ማይሰልፍ»። ያለ አስተማሪ ጊታር ተማርኩ፣ «አይ ቶት ማይሰልፍ ጊታር»። ይቺን የመጨረሻዋን በጣም ነው የምወዳት፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኔ ነኝ ማለት ነው።

3. ዝም የሚልባቸውን ግሶች ለዩ

«ተ»ን ባያችሁ ቁጥር ማይሰልፍ አትለጥፉ። በየቀኑ የምናደርጋቸውን ነገሮች እንግሊዝኛ ራቁታቸውን ነው የሚላቸው። ተላጨሁ፣ «አይ ሼቭድ»። ሻወር ወሰድኩ፣ «አይ ቱክ ኤ ሻወር»። ተቀመጥኩ፣ «አይ ሳት ዳውን»። ተጋቡ፣ «ዘይ ጎት ማሪድ»። ደከመኝ ስትሉ ደግሞ «አይ ፊል ታየርድ» ብቻ፤ «አይ ፊል ማይሰልፍ ታየርድ» አይባልም። ሪላክስ እና ኮንሰንትሬት የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፣ ምንም አይከተላቸውም።

ታዲያ «ሺ ካን ድሬስ ኸርሰልፍ ናው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብትሰሙ ተሳስተው አይደለም። ትናንት ሌላ ሰው ነበር የሚያለብሳት፣ ዛሬ ራሷን ችላ መልበስ ጀመረች ማለት ነው። ድርጊቱ ጥረት ወይም ችሎታ የሚጠይቅ ሲሆን ቃሉ ተመልሶ ይመጣል።

4. ያለ እሱ የሚጎድሉትን በቃል ያዙ

ዋናው «ኢንጆይ» ነው። «አይ ኢንጆይድ ቬሪ ማች» የሚለውን ከብዙ ሰው እሰማለሁ፣ ግን ጎዶሎ ነው። ኢንጆይ የሚደሰትበትን ነገር ይፈልጋል፦ ወይ «አይ ኢንጆይድ ዘ ፓርቲ»፣ ወይ «አይ ኢንጆይድ ማይሰልፍ»። ምግብ አቅርቦ «ኢንጆይ!» ማለት ብቻውን የተለመደ ነው፣ እሱን ተዉት።

«ኸልፕ ዩርሰልፍ» ደግሞ ቃል በቃል ሲተረጎም «ራስህን እርዳ» ነው፤ ስድብ ይመስላል አይደል? ትርጉሙ ግን «እንደ ልብህ አንሳ» ነው፣ ግብዣ ነው። «ሜክ ዩርሰልፍ አት ሆም» እንደ ቤትህ ሁን። «ቢሄቭ ዩርሰልፍ» ሥርዓት ያዝ። እነዚህን ቃል በቃል አትፍቷቸው፣ እንዳሉ ያዟቸው።

5. «እርስ በርስ»ን ከዚህ አውጡ

ሁለት ጓደኛሞች ስልክ ይዘዋል እንበል። አንደኛው ሌላኛውን፣ ሌላኛው ደግሞ አንደኛውን ካነሳ «ዘይ ቱክ ፒክቸርስ ኦፍ ኢች አዘር» ነው። ተቃቅፈው ስልኩን ወደ ራሳቸው አዙረው ከሆነ ግን «ኦፍ ዘምሰልቭስ»። ሰልፊ የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ሰልፍ ነው፤ ኦክስፎርድ ዲክሽነሪስ በ2013 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦት ነበር። ስለዚህ ተዋደዱ፣ ተሳሳሙ፣ ተረዳዱ የሚሉት ሁሉ «ኢች አዘር» ናቸው። «ዘይ ላቭ ዘምሰልቭስ» ካላችሁ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ይወዳሉ ነው የሚሆነው፣ ባልና ሚስት ለማመስገን ብላችሁ የተናገራችሁት ነገር ሐሜት ይሆንባችኋል።

6. «ን»ን ተጠቀሙባት

ለኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ፈተና ይሄ ነው። አማርኛ «ራሴ» እና «ራሴን» ብሎ ይለያል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ማይሰልፍ ነው የሚለው። «ራሴ ጠገንኩት» ስትሉ ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለታችሁ ነው፦ «አይ ፊክስድ ኢት ማይሰልፍ»። ማይሰልፍን ብታወጡት ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም፣ ጉልበቱን ብቻ ያጣል። «ራሴን ቆረጥኩ» ላይ ግን ብታወጡት «ምኑን?» ያሰኛል። አነባበቡም ይለያል። «አይ ከት ማይሰልፍ» ላይ ድምፃችሁ «ከት» ላይ ይከብዳል፤ «አይ ፊክስድ ኢት ማይሰልፍ» ላይ ግን መጨረሻው ላይ «ሰልፍ» የምትለዋ ናት የምትጎላው። ጮክ ብላችሁ ሁለቱንም በሏቸው፣ ወዲያው ይሰማችኋል።

ከፊቱ «ባይ» ሲጨመር ደግሞ «ብቻዬን» ይሆናል፦ «አይ ሊቭ ባይ ማይሰልፍ»።

7. አሁን ሞክሩት

ይህቺን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦ «ልጆቹ ተደበቁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱት። በጣም ተዝናኑ።» ሳታዩ ጻፉና ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ «ዘ ቺልድረን ሂድ። ዘይ ኦፐንድ ዘ ዶር ዘምሰልቭስ። ዘይ ሪሊ ኢንጆይድ ዘምሰልቭስ።» የመጀመሪያው ዝም ያለው ነው፣ ሁለተኛው «ን» የሌለው «ራሳቸው» ነው፣ ሦስተኛው ኢንጆይ ስለሆነ ቃሉ የግድ ነው።