በቀስት ዲር ለማደን ከሁሉ በፊት ነፋሱን እዩ

ስለ ቀስት አደን የሚጠይቁኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ስለ ደጋኑ ነው። የትኛው ይሻላል? ስንት ያወጣል? እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ብሉ ሪጅ ተራራ ሥር፣ አንድ አዛውንት ገበሬ በፈቀዱልኝ መሬት ላይ ለስምንት ዓመት አድኛለሁ። መልሴ አልተለወጠም፤ ከደጋኑ በፊት ነፋሱን እወቁ።

ዲር የምለው ባለነጭ ጭራውን የአሜሪካ የዱር እንስሳ ነው። ብዙዎቻችን አጋዘን እንለዋለን። አገር ቤት ያለው አጋዘን ግን ቀንዱ የተጠማዘዘ ሌላ እንስሳ ነው። ዲር በዓይኑ ቢያያችሁ ቆሞ ያጣራል። ኮሽታ ቢሰማም ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ጠረናችሁ ከደረሰው ግን አያመነታም፣ ይሄዳል። እኔ ደግሞ 20 ያርድ (18 ሜትር ያህል) ድረስ እንዲቀርብ እፈልጋለሁ። ጠረን ያጠፋሉ የሚባሉትን ሳሙናና ስፕሬይ ሞክሬያለሁ። ነፋሱ ወደ ዲሮቹ ከነፈሰ አንዱም አላዳነኝም። ቢሆንም ልብሴን ቤት ውስጥ አላስቀምጥም። ቡና ተቆልቶ ዕጣን በጨሰበት ቤት ያደረ ጃኬት ከሩቅ ይናገራል።

አባቴ አውድማ ላይ ጤፍ ከማዝራቱ በፊት ቆንጠር አድርጎ እብቅ ወደ ላይ ይበትን ነበር። እብቁ የሄደበትን አይቶ ነው የሚቆምበትን የሚመርጠው። እኔም ትንሽ የሕፃን ፓውደር ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ማማ ላይ ከወጣሁ በኋላ በየ20 ደቂቃው ትንሽ ብን አድርጌ አያለሁ። ማማ የምለው ዛፍ ላይ የሚታሰረውን መቀመጫ ነው። ልጅ ሆኜ ማሽላ የጠበቅኩበትን ስለሚያስታውሰኝ ሌላ ስም አልሰጠሁትም። የእኔ ከመሬት 18 ጫማ (አምስት ሜትር ተኩል) ያህል ከፍ ይላል። ስትወጡም ስትወርዱም የደህንነት ቀበቶ እሰሩ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ስልካችሁ የሚነግራችሁ ነፋስ የአካባቢው እንጂ የዛፋችሁ አይደለም። በሁለተኛ ዓመቴ ትንበያው ነፋሱ ከሸለቆው ወደ እኔ እንደሚመጣ አሳየኝ። ደስ ብሎኝ ተዳፋቱ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ቁልቁል መፍሰስ ጀመረ። አንዲት እንስት 30 ያርድ ላይ ቆመች። የፊት እግሯን መሬት ላይ መታች፣ በአፍንጫዋ ኃይለኛ ትንፋሽ አወጣች፣ ነጭ ጭራዋን አንስታ ጠፋች። አብረዋት የነበሩትም ተከተሏት። በዚያ ሳምንት እዚያ ቦታ አንድም ዲር አላየሁም።

ነገሩ ቀላል ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ሲመሽ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ዲሮቹ ከሚሄዱበት መንገድ በላይ፣ ማታ ደግሞ በታች ተቀመጡ። ወደ ማማው ለምትገቡበትም መንገድ ነገሩ ያው ነው። የሚተኙበትን ወይም የሚመገቡበትን አቋርጣችሁ ከገባችሁ አደኑ ገና ሳትቀመጡ አልቋል። ነፋሱ ካልተመቸ ወደ ቤት ተመለሱ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ በተለይ ያላችሁ ዕረፍት ቅዳሜ ብቻ ከሆነ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ወንዶቹ እንስት ፍለጋ በጠራራ ቀን የሚንቀሳቀሱት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ እኔ የዓመት ፈቃዴን የምወስደው ከዚያ በፊት ነው። ሳይባረክ የተገደለ ሥጋ አንበላም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ። እናንተም ነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ልምምድ በየቀኑ ጥቂት ይሻላል። በ20 ያርድ አምስት ቀስት ለቃችሁ አምስቱም አንድ የወጥ ሳህን ላይ ካላረፉ ገና ናችሁ። ቆማችሁ ብቻ ሳይሆን ተቀምጣችሁና ከከፍታም ተለማመዱ። ርቀቱን አትግፉት። የደጋኑ ድምፅ ከቀስቱ ቀድሞ ይደርሳል። ዲሩም ለመዝለል ሲያጎነብስ ቀስቱ በላዩ ያልፋል። ጎኑን እስኪሰጣችሁ ወይም ፊቱን አዙሮ በሰያፍ እስኪቆም ታገሱ። ወደ እናንተ ፊት ለፊት ከመጣ አትልቀቁ።

ከለቀቃችሁ በኋላ ሰዓታችሁን እዩ፤ ከማማው ወዲያው አትውረዱ። አንድ ምሽት ቸኩዬ በ20 ደቂቃ ውስጥ ባትሪ ይዤ ወረድኩ። ቀስቱ ላይ አረንጓዴ ፈሳሽና የጨጓራ ሽታ ነበር። እያየሁት ተከተልኩ። የተኛው ዲር ተነስቶ ሮጠ፣ የደም ዱካውም ጠፋ። ሁለት ቀን ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። ያ እንስሳ በእኔ ችኮላ ተሠቃይቶ ሞተ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ደሙን ሳላነብ እግሬን አላነሳም። ደማቅና አረፋ ያለው ደም የሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ጥቁር ቀይ ከሆነ የጉበት ሊሆን ይችላል፤ አራት ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ። የጨጓራ ሽታ ካለው ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ ማለትም ብዙ ጊዜ እስከ ነገ ጠዋት። በየጥቂት እርምጃው ዛፍ ላይ ነጭ ሶፍት እያንጠለጠልኩ እሄዳለሁ። ደሙ ሲጠፋ ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ የሶፍቱ መስመር ወዴት እንደሄደ ያሳየኛል።