ላሊበላ ላይ ተራራ ለምትወጡ፦ ጠጁን ለማታ

በቡድን ሆናችሁ ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ልትወጡ ነው? የአካባቢውን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይሄ ያው ግዴታ ነው።

ከዚያ ጠጁን ለማታ አቆዩት። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» እዚያ አይሠራም። በመጀመሪያው ቀን ከከተማው በላይ ያለችው አሸተን ማርያም ገዳም ደርሶ መመለስ ይበቃል። በማግስቱ ከገብስ ማሳው በላይ ጅብራ (ከፍታ ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል) ብቅ ብቅ ሲል ካያችሁ እርምጃ ቀንሱ። ከፊት የሚሄደው ቀርፋፋው ሰው ይሁን፣ ጎረምሳው ከኋላ ይከተል።

መንደር ውስጥ ጠላ ሲቀዳላችሁ እምቢ ማለት ይከብዳል። ቀመስ አድርጋችሁ አመስግኑ።

አንድ ትርፍ በቅሎ ተከራዩ፤ ለሻንጣ ሳይሆን ለሚደክመው ሰው። ዝርዝር ብርም ያዙ።