ለብሬድ የሚስማማ የፍሎሮካርቦን ሊደር እንዴት ይመረጣል? ፖቶማክ ላይ ባስ ለሚያጠምዱ

ዋሺንግተን፣ ሜሪላንድ ወይም ሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ሐበሻ ባስ የሚባለው ዓሣ ሩቅ አይደለም፤ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ አለ። ዘንግና ሪል ገዝቶ ብሬድ ያስጠቀለለ ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከብሬዱ ጫፍና ከመንጠቆው መካከል የሚገባው ክር፣ ሊደር የሚባለው፣ የቱ ይሁን? ሱቅ ውስጥ ከተሰቀሉት ጥቅሎች አብዛኞቹ «ዓሣ አያየውም» ብለው ይፎክራሉ። እኔ ግን ሊደር ስመርጥ ይህን የማስበው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የማጣራው ውሃው ሥር ያለው ድንጋይ ነው፣ እንጨት ነው ወይስ ሣር የሚለውን ነው።

ብሬድ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የፖሊኤቲሊን ክር ነው። ለጥንካሬው በጣም ቀጭን ነው፤ የ10 ፓውንድ ብሬድ ውፍረቱ ከተራው የ2 ፓውንድ ናይለን ክር ጋር ይቀራረባል (ፓውንዱ ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው)። ስለማይለጠጥም ዓሣው ማባበያውን ገና ሲነካው ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ነገር ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፣ ተወጥሮ ሳለ የድንጋይ ጠርዝ ካገኘው ደግሞ ወዲያው ይበጠሳል።

ለሊደር የሚሆነው ፍሎሮካርቦን፣ ያልተጎነጎነ ነጠላ የፕላስቲክ ክር፣ እነዚህን ጉድለቶች ይሸፍናል። ከእኩል መጠን ውሃ 1.78 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ይሰምጣል። ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን 1.42 ገደማ ሲሆን የውሃ 1.33፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ ነው። ለውሃ ይበልጥ ስለሚቀርብ ከናይለን ይልቅ ለዓይን ያስቸግራል እንጂ አይሰወርም፤ ወፍራሙን ዓሣውም ያየዋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ጠንከርና ደረቅ ማለቱ ነው። ድንጋይ ሲያሸው ቶሎ አይላላጥም፣ እንደ ልስልሱ ብሬድም ዞሮ መንጠቆው ላይ አይጠመጠምም።

ደረጃ 1፦ ውሃውን ተመልከቱ

ፖቶማክ ሁለት ጠባይ አለው። ከግሬት ፎልስ ፏፏቴ በላይ አልጋው ድንጋያማ ነው፤ ዝናብ ካልጣለም ውሃው ጥርት ይላል። እዚያ የሚገኘው ስሞልማውዝ፣ ማለትም አፈ ትንሹ ባስ ነው። የወንዙ ተወላጅ እንኳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ በባቡር የውሃ ታንክ ተጭኖ የመጣ ዓሣ ነው። ከዋሺንግተን በታች ያለው ክፍል ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላና የሚጎድል፣ ብዙ ጊዜ ድፍርስ የሆነ፣ ሣር የበዛበት ውሃ ነው። ሃይድሪላ የተባለው የውሃ ሣር ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚያ ተስፋፍቷል። በሜሪላንድ በኩል እንደ ማታዎማን ባሉት ገባሮች አፈ ሰፊው ላርጅማውዝ በሣሩ ጠርዝና በጀልባ ማቆሚያ እንጨቶች ሥር ያደባል።

ከላይ ስታጠምዱ የሚያስፈልጋችሁ ቀጭንና ረዥም ሊደር ነው። ከታች ወፍራምና አጭሩ ይበቃል። የቀረው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ደረጃ 2፦ ጥንካሬውን ወስኑ

ከሁሉ በፊት ሊደሩ ከብሬዱ የደከመ ይሁን። መንጠቆው ድንጋይ ይዞ አልላቀቅ ሲል መበጠስ ያለበት ጫፉ ላይ ነው። ብሬዱ መሃል ላይ ከተበጠሰ ወንዙ ውስጥ ብዙ ሜትር ክር ይቀራል፤ ያ ክር የወፍና የኤሊ ወጥመድ ነው።

በስፒኒንግ ሪል (ጥቅሉ ሳይዞር ክሩ ከጫፉ በሚወጣበት) ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ብሬድ ለጠቀለለ ሰው፣ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ድሮፕሾትና ኔድ ሪግ በሚባሉት አሠራሮች ለሚታሰሩ ትንንሽ ማባበያዎች ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ሊደር ይበቃል። ወገቡ ላይ ለሚሰካው የፕላስቲክ ትል 8 ወይም 10 አድርጉት። አንድ ጥቅል ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ 8 ፓውንዱን እለዋለሁ። ጀማሪ ወፍራሙን ሲያይ ልቡ ይረጋጋል፤ ሆኖም ወፍራም ሊደር ትንሿን ማባበያ ገትሮ እንደ ልቧ እንዳትንቀሳቀስ ያደርጋታል። ዓሣው ሲጎትት ክሩን የሚያተርፈው በልክ የላላ የሪል ፍሬን ነው።

በቤይትካስቲንግ ሪል (ስትወረውሩ ጥቅሉ ራሱ በሚሽከረከርበት) ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ብሬድ ይዛችሁ እንጨትና ድንጋይ መካከል ጂግ (ጭንቅላቱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ) ወይም ቴክሳስ ሪግ (የመንጠቆው ጫፍ የፕላስቲክ ትል ውስጥ የሚደበቅበት) የምትጥሉ ከሆነ ግን ከ15 እስከ 20 ፓውንድ ሊደር ውሰዱ። ዓሣው እንደተያዘ ወደ እንጨቱ ሊገባ ይሮጣልና እዚህ ቀጭን ክር አያዋጣም።

ሊደር ጨርሶ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ጥቅጥቅ ባለ ሣር ላይ የፕላስቲክ እንቁራሪት ስትጎትቱ 50 ወይም 65 ፓውንዱን ብሬድ በቀጥታ ማባበያው ላይ እሰሩ። ብሬዱ ሣሩን እየቆረጠ ይወጣል፤ በሣር መካከል ዓሣው ክሩን የሚመረምርበት ፋታ የለውም። ከ2004 ጀምሮ ፖቶማክ ውስጥ የሚታወቀው ስኔክሄድ የተባለው ጥርሳም ዓሣም የሚጠመደው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ሣር በሌለበት ገላጣ ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ ለሚሠሩ ማባበያዎች ደግሞ ናይለን ሊደር ይሻላል፤ ፍሎሮካርቦን ስለሚሰምጥ አፍንጫቸውን ወደ ታች ይጎትተዋል።

ደረጃ 3፦ ጥቅሉን አንብቡ

«100 ፐርሰንት ፍሎሮካርቦን» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ላዩ ብቻ የተቀባ ናይለን በተመሳሳይ ማሸጊያ ይሸጣል። ቀጥሎ ከፓውንዱ ይልቅ ውፍረቱን በሚሊሜትር አነጻጽሩ፤ ሁለት ኩባንያዎች 8 ፓውንድ ያሉት ክር ውፍረቱ አንድ ነው ብላችሁ አትመኑ፣ ሊለያይ ይችላል። 8 ፓውንድ አብዛኛውን ጊዜ 0.23 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። «ሊደር» ተብሎ በትንሽ ጥቅል የሚሸጠው ጠንከር ያለ ሲሆን፣ ሪል ሙሉ እንዲጠቀለል በ200 ያርድ የሚሸጠው ፍሎሮካርቦን ለስለስ ይላል። ለባስ ሁለተኛውን ቆርጦ እንደ ሊደር መጠቀም ምንም አያጎድልም፤ በሜትር ሲሰላ ብዙውን ጊዜ በጣም ይረክሳል። ለስላሳ ስለሆነም ቋጠሮው በደንብ ይጠብቃል።

ደረጃ 4፦ ርዝመቱን ለኩ

በድፍርስ ውሃ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር በቂ ነው። ቋጠሮው ከዘንጉ ቀለበቶች ውጭ ስለሚቀርም ስትወረውሩ አያስቸግራችሁም። ጥርት ባለ ውሃ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ አድርጉት። ያኔ ቋጠሮው በቀለበቶቹ ውስጥ ማለፉ ስለማይቀር ቀጭን መሆን አለበት። ማባበያ በቀየራችሁ ቁጥር ሊደሩ ስለሚያጥር ከመነሻው ትንሽ ትርፍ ስጡት።

ደረጃ 5፦ እሰሩት

ኤፍጂ የሚባለው ቋጠሮ ከሁሉ ቀጭኑ ነው፤ ግን ልምምድ ይፈልጋል፣ ነፋስ በሚነፍስበት ዳር ቆሞ ማሰሩም ትዕግሥት ያስጨርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብል ዩኒ ይሻላል። የሁለቱን ክሮች ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ 20 ሴንቲሜትር ያህል ጎን ለጎን አስተኟቸው። የፍሎሮካርቦኑን ጫፍ መልሳችሁ ቀለበት ሥሩና ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፋችሁ ሁለቱን ክሮች 4 ወይም 5 ጊዜ ጠምጥሙ። በሌላው በኩል በብሬዱ እንዲሁ አድርጉ፤ ብሬድ ስለሚያንሸራትት ግን 8 ጊዜ ይሁን። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ፍሎሮካርቦን ደርቆ ሲታሽ ይግልና ይዳከማል፤ «ክሩ የማይረባ ነው» ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ ሳይረጥብ የጠበቀ ቋጠሮ ያመጣቸው ናቸው። ሁለቱን ቋጠሮዎች ለየብቻ አጥብቃችሁ፣ ዋናዎቹን ክሮች ቀስ ብላችሁ በመሳብ አገናኟቸውና ትርፉን ቁረጡ። ከዚያ እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጎትቱ፤ ብሬድ ባዶ እጅ ይቆርጣል።

ማጥመድ ከጀመራችሁ በኋላ፣ ዓሣ በያዛችሁ ወይም ድንጋይ በነካችሁ ቁጥር የሊደሩን የመጨረሻ 30 ሴንቲሜትር በሁለት ጣት ዳብሱ። ሻከር ካለ ያንን ክፍል ቆርጣችሁ መንጠቆውን እንደገና እሰሩ። ቁራጩ ውሃ ውስጥ ስለማይበሰብስ ኪሳችሁ ይግባ። ሊደሩ ከ40 ሴንቲሜትር በታች ሲሆን አዲስ ቀጥሉ።